የባቲ ዜማና የሸክላው ዘመን

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ከሚሴ ሳይደርስ ሰንበቴ ከምትባል ከተማ ይገባል። ሰንበቴ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ መቀመጫ ናት። ገበያዋ የሚቆመው እሑድ ነው። በዚያም ቀን አፋሩ ከቈላ ከብቱን እየነዳ ይመጣል፤ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባውም እህሉንና ሸማውን ይዞ ይወርዳል። በማግሥቱ ሰኞ ደግሞ በዚያው ዞን በስተ ሰሜን ምሥራቅ የባቲ ገበያ ይቆማል፤ ይህም በኢትዮጵያ ውስጥ ከታላላቆቹ ገበያዎች አንዱ ነው። ገበያ የእህልና የከብት መለወጫ ብቻ አይደለም፤ ወሬም፣ ግጥምም፣ ዜማም የሚለወጥበት ሸንጎ ነው።

ስለዚህ ባቲ የሚለው ስም ከገበያ አልፎ የዜማ ስም ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም። የኢትዮጵያ የዘፈን ቅኝቶች አራት ናቸው፤ እነርሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ፤ እያንዳንዳቸውም በአምስት ድምፅ ይሄዳሉ። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ አገር ስም የያዙ ናቸው። ነገር ግን ቅኝቱ አገሩን ሲጠራ፣ በዚያ አገር ዜማውን ያቀኑትን ሰዎች አንዱንም በስሙ አይጠራም።

ይህ የሆነበት ምክንያት ከአዘፋፈኑ የተነሣ ነው። አዝማሪ የሚዘፍነው ፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ሰው ነው። ያም ሰው ዝም ብሎ አይሰማም፤ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። እንግዲህ ዘፈኑ የሰጪና የተቀባይ የጋራ ሥራ ነው። የቅኔን ጉባኤ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም፤ ቅኔ ለበዓሉና ለሰዓቱ አዲስ ሆኖ ይቀርባል እንጂ የትናንቱ ለዛሬ አይደገምምና። እንዲህ ያለው ሥራ ክብሩ በዕለቱ ነው፤ ጉዳቱም እንዲሁ ከዕለቱ ጋር ማለፉ ነው።

ይህን ሥርዓት የለወጠው ሸክላ ነው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ተሰማ እሸቴን የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማር ወደ ጀርመን አገር ላኩት። ተሰማ በግጥምና በዘፈን የታወቀ ሰው ነበርና በዚያ ሳለ ድምፁ በሸክላ ተቀረጸ፤ ይህም የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ የተቀረጸበት መጀመሪያ ሆነ። በዚያ ዘመን የነበረው ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚይዘው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሊዘልቅ የሚችል ዘፈን በዚያች ጠባብ ስፍራ ተወሰነ። «ተቀበል» የሚል ሰው በዚያ አልነበረም፤ በፊቱ የነበረው ቀንድ መሳይ ማስተጋቢያ ነው። ሆኖም ድምፁ ከዕለቱ ጋር አላለፈም፤ ስሙም ከድምፁ ጋር ቀረ። ከመቶ ዓመት በኋላም ኢትዮፒክስ በተባለው በፓሪስ በሚታተም ተከታታይ ሥራ በ27ኛው ቅጽ እንደ ገና ወጥቶ ተሰማ።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1927 በአሜሪካ ራልፍ ፒር የሚባል የሸክላ ነጋዴ ብሪስቶል ወደምትባል ከተማ ወርዶ የተራራውን ባላገሮች ዘፈን አስቀረጸ፤ የካርተር ቤተ ሰብና ጂሚ ሮጀርስ የታወቁትም በዚያ ጊዜ ነው። አሜሪካውያን «ካንትሪ» የሚሉት የባላገር ዘፈን በገበያ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። አልቪን ካርተር ከዚያ በኋላ በየመንደሩ እየዞረ የቆዩ ዘፈኖችን ይሰበስብ ነበር። እርሱ ቃሉን ሲጽፍ ዜማውን በጆሮው ይዞ የሚመለሰው ሌዝሊ ሪድል የሚባል ጥቁር ጊታር መቺ ነበር። በሸክላው ላይ የተጻፈው ግን የካርተር ስም ነው፤ የሪድል ውለታ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ሸክላ ስም ያቆያል፤ የሚያቆየው ግን የተጻፈለትን ብቻ ነው።

አልበም የሚባለው ነገር በመጀመሪያ ብዙ ሸክላ በየኪሱ የሚከተትበት፣ እንደ መጽሐፍ የተጠረዘ መያዣ ነበር። በ1948 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአንድ ፊቱ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚይዝ ረጅም ሸክላ በአሜሪካ ሲወጣ፣ ስሙ ወደዚያ ተላለፈ። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ይህን ከልካይ ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ አቆመ፤ እስከ 1975ም ከ100 በላይ ትንንሽና 12 ረጃጅም ሸክላዎችን አወጣ። ከዚያም ካሴት መጣና ሸክላን ተካ። ካሴት ዋጋው የቀለለ ስለ ሆነ የወሎ ዜማ ከከተማ እስከ ገጠር ተዳረሰ፤ ማሪቱ ለገሠም በአምባሰልና በባቲ ዜማዎቿ በአገሩ ሁሉ ታወቀች።

እንግዲህ ትርፉንና ጉድለቱን መመዘን ይገባል። ሸክላና ካሴት ባይኖሩ የተሰማ ድምፅ ከእርሱ ጋር በተቀበረ ነበር፤ ባቲም ከወሎ ርቆ ለሚኖር ሰው ባዕድ በሆነ ነበር። ይህ ትርፍ ነው። ነገር ግን ዛሬ ባቲን በስቱዲዮ የሚያስቀርጽ ሰው በደራሲው ስም ፋንታ «ሕዝባዊ» ብሎ ቢጽፍ፣ ሕዝብ የሚለው ቃል ክብር መስሎ መጋረጃ ሊሆን ይችላል፤ ከሕዝቡ መካከል አፉን ከፍቶ ዜማውን ያቀና አንድ ሰው ነበረና። ጉድለቱ ይህ ነው። ያለፈው ስም አልፏል፤ በሪድል እንደ ታየው ግን ጠያቂ ካለ የዘገየ ስም እንኳ ይመለሳል።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ አስቀድሞ ወደ ሰንበቴ እሑድ፣ ወደ ባቲ ሰኞ መሄድ ያሻል። በአማርኛም በኦሮምኛም በአርጎብኛም በአፋርኛም የሚዘፍኑ ሰዎች አሁንም በዚያ አሉ። ድምፃቸውን የሚቀርጽ ሰው ስማቸውን፣ መንደራቸውን፣ ዜማውን የተማሩበትንም ሰው ጠይቆ ቢጽፍ፣ ሸክላው ለተሰማ ያደረገው ለእነርሱም ይሆናል። ቅኔን የሚማር ሰው የመምህሩን፣ የመምህሩንም መምህር ስም ሳይቈጥር አይተውም፤ ዘፋኝም ይህ ሊነፈገው አይገባም።