የላንዲንግ ጊር ብልሽትና የጥገና ስህተት

ላንዲንግ ጊር አውሮፕላን ሲነሳ፣ ሲያርፍና መሬት ላይ ሲቆም ክብደቱን የሚሸከመው የእግር፣ የጎማና የፍሬን ክፍል ነው። ብልሽቱ ከዕቃ ማርጀት ብቻ ሳይሆን ከጥገና ስህተትም ይመጣል።

ጎማ

ሐምሌ 4 ቀን 1983 ዓ.ም. የናይጄሪያ ሐጃጆችን የጫነ ዲሲ-8 አውሮፕላን ከጅዳ ሲነሳ ጎማዎቹ ፈነዱ። አየር እንደጎደላቸው የጥገና ሠራተኞች ቢያውቁም ሳይሞሉ ቀርተው ነበር። የሚነደው ጎማ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ እሳቱ ወደ አውሮፕላኑ አካል ተዛምቶ የተሳፈሩት 261 ሰዎች በሙሉ ሞቱ።

መቆለፊያ ፒን

በጥገና ጊዜ እግሩ እንዳይታጠፍ በፒን ይቆለፋል። ሰኔ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በለንደን ሂትሮው የቆመ ቦይንግ 787-8 ሲጠገን ፒኑ ከትክክለኛው አጠገብ ባለ ሌላ ቀዳዳ ገባ። በጥገናው ሂደት መሠረት የእግሩ ማንሻ ወደ ላይ ሲደረግ የፊት እግሩ ታጥፎ የአውሮፕላኑ አፍንጫ መሬት ላይ ወደቀ፤ ሁለት ሰዎች ቀላል ጉዳት ደረሰባቸው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የተሳሳተው ቀዳዳ እንዲደፈን ቀድሞ አዝዞ ነበር፤ የጊዜ ገደቡ ገና ስላላለፈ ግን በዚህ አውሮፕላን ላይ አልተሠራም ነበር። ይህን የአውሮፕላን ዓይነት ከአፍሪካ መጀመሪያ የተረከበው፣ በነሐሴ 2004 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው።