ፖሊስፕሌኒያ
«ብዙ» እና «ጣፊያ» ከሚሉ የግሪክኛ ቃላት የተገኘው ፖሊስፕሌኒያ፣ በአንድ ጣፊያ ፈንታ ብዙ ትናንሽ ጣፊያዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጨጓራ ጎን ተሰባስበው የሚገኙበትን አብሮ የሚወለድ የአካል አፈጣጠር መዛባት ይሰይማል፤ ይሁንና ጤናማ ሰውም ከዋናው ጣፊያ ሌላ ትንሽ ተጨማሪ ጣፊያ ሊኖረው ስለሚችል፣ ቁጥር ብቻውን ምርመራውን አይቋጭም። እጅግ ጠቃሚው ፍንጭ፣ ደምን ከታችኛው አካል ወደ ልብ የሚመልሰው ትልቁ ደም መልስ ጉበት አካባቢ ተቋርጦ፣ ደሙ አዚጎስ በተባለው፣ አከርካሪን ተከትሎ በሚወጣው ደም መልስ በኩል መዞሩ ሲሆን፣ በፅንስ አልትራሳውንድ ከልብ ጀርባ በአንድ ክብ ፈንታ ሁለት ክቦች፣ ማለትም ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ አኦርታና የሰፋው አዚጎስ፣ ጎን ለጎን ይታያሉ። ይህ ሲገኝ የልብ አፈጣጠርና የአንጀት አቀማመጥ አብረው ይመረመራሉ፤ ከልደት በኋላ ቢጫነቱ ያልለቀቀውና ሰገራው የነጣ ሕፃን ከሆነ ደግሞ፣ ቀዶ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር ጉበቱ ይበልጥ ስለሚጎዳ፣ የሐሞት ቧንቧ መደፈን ሳይውል ሳያድር ሊጣራ ይገባል።