የጦር ወጪና የአየር ዕዳ

የአንድ መንግሥት የጦር ወጪ በበጀት መዝገብ ላይ ሲታይ ደመወዝ፣ ስንቅና መሣሪያ ብቻ ይመስላል። ታሪክን ስንመረምር ግን ሠራዊት የመረጠው ነዳጅና ያሠራው መሣሪያ ውሎ አድሮ የሰላሙን ኑሮ ጭምር ሲመራ እናገኘዋለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በአብዛኛው የሚንቀሳቀሱት በዌልስ የድንጋይ ከሰል ነበር። ዊንስተን ቸርችል በ1911 የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆነው ከተሾሙ በኋላ አዲሶቹ ታላላቅ መርከቦች በነዳጅ ዘይት እንዲሠሩ ተወሰነ። ዘይት ለመርከብ ፍጥነት ይሰጣል፤ ከሰል በአካፋ የሚጨምረውንም ሰው ብዛት ይቀንሳል። ይሁን እንጂ እንግሊዝ በአገሯ ከሰል እንጂ በቂ ዘይት አልነበራትም። ስለዚህ መንግሥቷ በ1914 በፋርስ ምድር ዘይት ያወጣ ከነበረው ከአንግሎ ፐርሺያን ኩባንያ ከእኩሌታ የሚበልጠውን አክሲዮን ገዛ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ጉድጓዱ፣ ቧንቧውና ማጣሪያው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ለንግድ መርከብና ለመኪናም ነዳጅ አቀረቡ።

የኤሌክትሮኒክ ማስሊያ ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር የመድፍ ጥይትን አካሄድ የሚያሰላ መሣሪያ በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ አሠራ። በ1946 ለሕዝብ የታየው ይህ ኤኒያክ የተባለ መሣሪያ 30 ቶን ያህል ይመዝን፣ 150 ኪሎዋት ያህል ኃይልም ይፈጅ ነበር። ዛሬ በኪስ የሚያዘው ስልክ እጅግ ጥቂት ኃይል ወስዶ ከዚያ እጅግ የበለጠ ያሰላል። ነገር ግን የእያንዳንዱ መሣሪያ ቁጠባ በመሣሪያዎቹ ብዛት ተዋጠ። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ድርጅት እንደ ገመተው፣ በ2024 የመረጃ ማዕከሎች ከዓለም ኤሌክትሪክ 1.5 በመቶ ያህሉን ፈጅተዋል። ኤሌክትሪኩ ከከሰልና ከጋዝ በሚመነጭበት አገር ሁሉ ምድርን የሚያሞቀው ካርቦን ወደ አየር ይወጣል።

እንግዲህ ሂሳቡ እንዴት ተያዘ? በ1997 በኪዮቶ በተደረገው ጉባኤ፣ በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር መሠረት በኅብረት የሚደረግ ዘመቻ የሚያወጣው ጢስ በየአገሩ ድምር እንዳይገባ ተወሰነ። የ2015 የፓሪስ ስምምነትም የየአገሩ ሠራዊት ጢሱን ለይቶ እንዲያስታውቅ አላስገደደም። የስቶክሆልም የሰላም ምርምር ተቋም በ2024 የዓለም የጦር ወጪ ከ2.7 ትሪሊዮን ዶላር በላይ እንደ ነበር አስታውቋል። ገንዘቡ እንዲህ ሲቈጠር የጢሱ ሂሳብ ግን ጎደሎ ነው።

አገር መከላከያ አያስፈልጋትም አንልም። ነገር ግን በመዝገብ ያልገባ ዕዳ ከፋይ የለውም፤ አየርም ድንበር ስለ ሌለው ዕዳው መርከቡንም መድፉንም ላላዘዘው ገበሬ ይደርሳል።