«ደስ አሰኘ» እንዴት «ወደደ» ሆነ? የእንግሊዝኛ ባለቤትና ተሳቢ ታሪክ

የትምህርት ቤት ሰዋስው «ባለቤት ማለት ድርጊቱን የሚፈጽም ነው» ይላል። ይህ ብያኔ «መታ» ለሚለው ግሥ ይበቃል፤ «ወደደ» ለሚለው ግን አይበቃም። የሚወድ ሰው ምን ይሠራል?

ዛሬ በእንግሊዝኛ «መውደድ» የሆነው «ላይክ»፥ እስከ 1100 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በተነገረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ «ደስ ማሰኘት» ነበር። «ንግሥቲቱ መዝሙሮቹን ወደደች» ለማለት «ለንግሥቲቱ መዝሙሮቹ ደስ አሰኙ» ይባል ነበር፤ ባለቤቶቹ መዝሙሮቹ ናቸው። ይህ አነጋገር «ራበኝ»፥ «ደስ አለኝ» ለምንለው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የዛሬውን እንግሊዛዊ ተማሪ ግን ሳያስቸግረው አይቀርም።

ኋላ የስሞቹ መድረሻዎች እየሳሱ ጠፉ፤ የግሡም የብዙ ቍጥር ምልክት እንዲሁ። ከግሥ የቀደመው ስም እንደ ባለቤት ይቈጠር ጀመር። ንግሥቲቱም ከቦታዋ ሳትነሣ ባለቤት ሆነች፤ የግሡም ትርጕም ተገለበጠ። ለውጡን ለቃላት ተራ ብቻ መስጠት ይቻላል። እኔ ግን ቀድሞውንም ሰው ከዕቃ በፊት እንዲነገር ያደረገው ትርጕሙ ነው እላለሁ።

ተውላጠ ስሞች መልካቸውን ስለ ጠበቁ ለውጡን ረዘም ላለ ጊዜ ተቃወሙ። በ1616 የሞተው ሼክስፒር «ሚቲንክስ» (ይመስለኛል) ሲል፥ «ሚ» ያው የተሳቢ መልክ ነው።

ከፈረንሳይኛ የገባው «ፕሊዝ»ም ያንኑ መንገድ ተከተለ። «ኢፍ ዩ ፕሊዝ» መጀመሪያ «ደስ ካሰኘዎ» ማለት ነበር፤ በዚያ ዘመን የባለቤቱ ቃል «ዪ»፥ የተሳቢው «ዩ» ነበርና። «ዩ» ሁለቱንም ሥራ ከያዘ በኋላ ግን ሰሚው ባለቤት አደረገው።