የሃይማኖት አርእስትና የሐኪሙ እስራት

ሕክምና በተማርሁበት ባዕድ አገር፣ በመጀመሪያው የሆስፒታል ዓመት ያስተማሩን የበሽተኛን ቃል በአርእስት ከፍሎ መጻፍን ነበር፤ ዋና ሕመሙ፣ የሕመሙ ታሪክ፣ የቤተሰቡ ጤና፣ የምርመራው ውጤት። አርእስት የሌለው መዝገብ ተረካቢውን ሐኪም ያሳስታል። አርእስቱን ሁሉ ሞልቶ በሽተኛውን የረሳ ሐኪም ግን ከዚያ የባሰ ያጠፋል። የሉተራውያንን ሥርዓታዊ ነገረ መለኮት ታሪክ ሳነብ ይህንኑ ጥቅምና ይህንኑ አደጋ አገኘሁበት። የማወሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማርቲን ሉተር ብዙ ጽፏል፤ ይሁን እንጂ ትምህርቱን በአንድ ሰፊ የነገረ መለኮት መጽሐፍ አላደራጀውም። ያን ሥራ የጀመረው በ1518፣ በሃያ አንድ ዓመቱ፣ የግሪክኛ መምህር ሆኖ ዊተንበርግ የገባው ፊልጶስ ሜላንክቶን ነው። በ1521 በላቲን ያሳተመው መጽሐፍ «ሎቺ ኮሙኔስ» ይባላል፤ የጋራ አርእስተ ነገር እንደ ማለት ነው። አርእስቱን የለቀመው በተለይ ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ከጻፈው መልእክት ነበር፤ ነጻ ፈቃድ፣ ኃጢአት፣ ሕግ፣ ወንጌል፣ ጸጋ፣ በእምነት መጽደቅ፣ ምስጢራት። ለምስጢረ ሥላሴና ለምስጢረ ሥጋዌ ግን ራሱን የቻለ ምዕራፍ አልሰጠም። እነዚህ ሊሰገድላቸው እንጂ ሊመረመሩ አይገባም ባይ ነበርና። በኋለኞቹ እትሞች ግን እነርሱንም አስገባቸው።

የዚህ አከፋፈል ዋልታ የሕግና የወንጌል ልዩነት ነው። ሕግ ያዛል፣ ይከስሳል፣ ሰውም በሽታውን እንዲያውቅ ያደርጋል፤ ወንጌል ደግሞ በክርስቶስ የተገኘውን ምሕረት ያበሥራል። ሁለቱን የቀላቀለ መምህር ሰሚውን ወይ ለትዕቢት ወይ ለተስፋ መቁረጥ ይዳርገዋል። መጽደቅም ሰው በሥራው የሚያገኘው ሳይሆን እግዚአብሔር ስለ ክርስቶስ ብሎ የሚቆጥርለት፣ እርሱም በእምነት የሚቀበለው ነው፤ መልካም ሥራ የእምነት ፍሬ እንጂ የጽድቅ ዋጋ አይደለም። በ1530 ሜላንክቶን ያዘጋጀው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ ይህን ትምህርት በ28 አንቀጾች አቀረበ፤ የመጀመሪያዎቹ 21 ስለ እምነት፣ የቀሩት 7 ስለ ታረሙ ልማዶች የሚናገሩ ናቸው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚያ አራት ዓመት በኋላ አንድ ያገራችን ሰው በዊተንበርግ ታየ። ዲያቆን ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ በ1534 ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር በአስተርጓሚ ተነጋገረ። ሲለያዩም የድጋፍ ደብዳቤ ተጻፈለት። የደብዳቤው ፍሬ ነገር የሥርዓት ልዩነት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት አያፈርስም የሚል ነበር። እነዚያ አርእስት በዚያ ቀን ድልድይ ሆነው አገለገሉ።

አርባ ዓመት ቆይቶ ግን የወህኒ በር ሆኑ። ሉተር በ1546 ካረፈ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ በእያንዳንዱ አርእስት ተከራከሩ። የከረረው ክርክር በጌታ እራት ላይ ነበር፤ የክርስቶስ ሥጋና ደም በኅብስቱና በጽዋው በእውነት አለን? ሜላንክቶን የመግለጫውን አንቀጽ 10 በ1540 አለሳልሶት ነበርና ተጠረጠረ። በ1560 እሱ ሲሞት ጥርጣሬው በአማቹ በካስፓር ፖይሰር ላይ ወደቀ። ፖይሰር የዊተንበርግ ፕሮፌሰርና የሳክሶን መራጭ መስፍን የአውጉስት ሐኪም ነበር። በ1574 መስፍኑ፣ ሐኪሙና ባልንጀሮቹ ወደ ካልቪን ትምህርት ማዘንበላቸውን ሲረዳ አሳሰረው፤ ሰውየው የተፈታው በ1586 ነው። የሉተራውያንን ክርክር ለማስታረቅ ተደክሞበት «የስምምነት መጽሐፍ» በ1580 ሲታተም ሐኪሙ ገና እስር ቤት ነበር።

በፍርድ እንዳልሳሳት የሌላውን ወገን ሐሳብ ልናገር። የስምምነቱ ጸሐፊዎች የተጨነቁት ለቃላት ብቻ አልነበረም። አንድ ምእመን በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ሲቆርብ የሚቀበለው ምን እንደ ሆነ በእርግጥ ይወቅ ብለው ነው። ይህ ጭንቀት እውነተኛ የመጋቢ ጭንቀት ነው። ስሕተቱ አርእስት መኖሩ ሳይሆን አርእስቱ ከመስፍኑ ቁልፍ ጋር መታሰሩ ነው። ቆየት ብሎ የመጣው ዮሐን ጌርሃርድ ከነገረ መለኮት በፊት ሕክምና የተማረ ሰው ነበር። ከ1610 እስከ 1622 በዘጠኝ ቅጽ ባሳተመው ታላቅ ሥራው ትምህርቱ ለነፍስ ምን እንደሚጠቅም ማሳየቱን አልተወም።

እኔ በልጅነቴ፣ ባገሬ፣ ጎረቤት በሁለት አርእስት ሲከፈል አይቻለሁ፤ አብዮተኛና ፀረ አብዮተኛ። በአንዱ ሥር የተጻፈ በሰላም ያድራል፤ በሌላው ሥር የተጻፈ አይመለስም። ስለዚህ የፖይሰርን ታሪክ እንደ ሩቅ የጀርመን ወሬ ማንበብ አልቻልሁም። ዛሬም በስደት ጉባኤዎቻችን ሰውን ከመስማታችን በፊት በየትኛው አርእስት ሥር እንደምናስገባው እናስባለን። መዝገብ ያለ አርእስት አይሠራም፤ ይህን ሙያዬ አስተምሮኛል። ግን መጀመሪያ በሽተኛው ይናገር፤ አርእስቱ ከዚያ በኋላ ይጻፋል።