ቀይ ካልሲ

የኒው ዚላንዷ ኦክላንድ በገባን በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤታችን የሆኑትን ሽማግሌ ቡና ጠራኋቸው። በሩ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ካልሲያቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ተረከዙ ሳስቶ በጥቁር ክር ተጠግኗል። “ይሄ መቼም ጡረታ ይገባዋል” ብዬ ቀለድኩ። “የ1995ቱ እኮ ነው!” አሉኝ፣ ያላወቅሁት እኔ ጥፋተኛ የሆንኩ ይመስል። (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የአሜሪካ ዋንጫ የሚባለው የባለሸራ ጀልባ ውድድር ነው። ስሙ የአገር ሳይሆን የመርከብ ነው፤ በ1851 እንግሊዝ ውስጥ ዋይት ደሴትን ዞራ የቀደመችው መርከብ “አሜሪካ” ትባል ነበር። ከዚያ ወዲህ የኒውዮርኮቹ የጀልባ ክለብ ዋንጫውን 132 ዓመት አላስነካም፤ በ1983 አውስትራሊያ ቀማቻቸው። ኒው ዚላንድ በ1987 ሞከረች፣ በ1988ም፣ በ1992ም። አልሆነም።

በ1995 ቡድኑን ይዞ ሳን ዲዬጎ የሄደው ፒተር ብሌክ ሚስቱ የሰጠችውን ቀይ ካልሲ ሳያጠልቅ ጀልባ ላይ አይወጣም ነበር። አንድ ቀን ክንዱን ታሞ ቀረ፤ ጀልባዋም ተሸነፈች። አገሩ በሙሉ ካልሲው ነው አለ። ቀይ ካልሲ ለቡድኑ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሆኖ ተሸጠ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ገበሬውም አጠለቀ። “ብላክ ማጂክ” የተባለችው ጥቁር ጀልባ አሜሪካኖቹን 5 ለ 0 ረታች።

እኔ መጀመሪያ አልገባኝም። ይህ የሚሊየነሮች ጨዋታ ነው፤ ተራ የአውቶቡስ ሾፌር ምን ቤት ነው? መልሱን ያገኘሁት ከሽማግሌው ጋራዥ ነው። ከድሮ ምንጣፍ ሥር አንዲት ትንሽ የእንጨት ጀልባ አወጡ፤ ርዝመቷ ሁለት ሜትር ከስንዝር ባይበልጥ ነው። “ፒ ክላስ” ይሏታል። ሃሪ ሃይት የሚባል ሰው ኦኔራሂ ላይ በ1920 የሠራት ናት፤ የአገሩ ልጅ ትውልድ በትውልድ የተማረው በእሷ ነው፣ ብሌክም ጭምር። ጠባይዋ ክፉ ነው። ነፋስ ከኋላ ሲገፋት አፍንጫዋን ውኃ ውስጥ ትቀብራለች።

ዘጠኝ ዓመት የሞላትን ልጄን አሳፈሯት። እኔ ደጋ ያደግሁ ነኝ፤ ውኃ የማውቀው በእንስራ ነው። ጀልባዋ ስትገለበጥ ጮኼ ወደ ባሕሩ ስሮጥ ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝና “ትወጣለች” አሉ። ወጣች። ገልብጣ አቃናቻት፤ አሁንም ተገለበጠች። ሦስተኛው ላይ ትስቅ ነበር። ይህ ፍቅር ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ኦክላንድ በተመሠረተችበት በ1840 የጀልባ ውድድር ተደርጓል፤ ዛሬም በየዓመቱ በጥር መጨረሻ ገደማ በሚውል ሰኞ ወደቡ በሸራ ይሞላል። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ ሾፌር፣ ነርስ፣ አናጺ ናቸው።

ኒው ዚላንዶች ዋንጫውን በ2000 በገዛ ውኃቸው አስከበሩ፤ በ2003 ግን ሄደባቸው። የወሰደችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ስዊዘርላንድ! ባሕር የሌላት! የባሕር በር የሌለው አገር ልጅ በመሆኔ ሳልደሰት አልቀረሁም፤ ለሽማግሌው ግን አልነገርኳቸውም። የስዊሶቹን ጀልባ የመራው በ2000 ለኒው ዚላንድ ያሸነፈው ራስል ኩትስ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የኒው ዚላንዷ ጀልባ ውኃ ሞላባትና መርከበኞቹ በባልዲ ሲቀዱ በቴሌቪዥን ታዩ፤ በአራተኛው ውድድር ደግሞ ምሰሶዋ ተሰበረ። 5 ለ 0። ሽማግሌው ስለ ባልዲው ሲነሳ ዛሬም ወሬ ይቀይራሉ።

ብሌክ ይህን አላየም። በታኅሣሥ 2001 አማዞን ወንዝ አፍ ላይ ጀልባው ላይ የወጡ ዘራፊዎች ገደሉት። ኦክላንድ ውስጥ ሊዘክሩት የወጡት ሰዎች ቀይ ካልሲ አጥልቀው ነበር።

ዋንጫው በ2017 ተመለሰ። በጥቅምት 2024 ባርሴሎና ላይ ከእንግሊዞቹ ጋር ሲገጥሙ እዚህ ገና አልነጋም ነበር። ሽማግሌው በራችንን አንኳኩ፤ ልጄ ቀድማ ተነስታለች። ውጤቱ 7 ለ 2 ሆነ። ካልሲው ያው ነው፤ ጥቁሩ ክር ብቻ በዝቶበታል።