ለሐማ ያልሰገደ ስም

በመጽሐፈ አስቴር መርዶክዮስ በንጉሡ በር ተቀምጦ ለሐማ አልሰገደም። ይህን ስም ይዘው በአሜሪካ መንግሥት ደጅ 34 ዓመት ያገለገሉ አንድ ሰባኪ ነበሩ፤ ሞርዲካይ ዋያት ጆንሰን።

እ.ኤ.አ. በ1890 በቴነሲ ግዛት፣ ፓሪስ በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከባርነት የወጡ ሰባኪ ነበሩ። ልጁ ዛሬ ሞርሃውስ በሚባለው በአትላንታ ባፕቲስት ኮሌጅ ሲማሩ በክርክር መድረክም ሆነ በአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ይታወቁ ነበር። በ1911 ተመርቀው እዚያው አስተማሩ። በኋላም በሮቸስተር የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ወንጌል ለተበደለው ሠራተኛና ለደሃው ሰፈርም የምሥራች እንደሆነ ተረዱ። ከ1917 ጀምሮ በዌስት ቨርጂኒያ፣ ቻርልስተን የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሆኑ።

በ1926 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ፈተናው ከዚህ ጀመረ። የትምህርት ቤቱ በጀት በአብዛኛው የሚመጣው ከኮንግረስ ነበር፤ በዚያም የዘር መለያየትን የሚደግፉ የደቡብ እንደራሴዎች ነበሩ። እንጀራህ በሌላው እጅ ሳለ ምን ትናገራለህ? ጆንሰን በአደባባይ ዘረኝነትን መንቀፍ አላቆሙም። አንዳንድ እንደራሴዎች ኮሚኒስት ናቸው ብለው ከሰሷቸው። እርሳቸው ግን በጀቱንም መጠየቅ፣ እውነቱንም መናገር ቀጠሉ።

ፍጹም ሰው አልነበሩም። ከራሳቸው መምህራን መካከል አምባገነን ያሏቸው ጥቂት አይደሉም። ፍሬያቸው ግን ይታያል። ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተንን አምጥተው የሕግ ትምህርት ቤቱን አጠናከሩ፤ በ1933 ከዚያ የተመረቀው ተርጉድ ማርሻል በ1954 በትምህርት ቤቶች የነበረውን የዘር መለያየት በፍርድ ቤት ረታ። የእኛው ዶክተር መላኩ በያንም ሕክምና የተማሩት በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1950 ጆንሰን ከሕንድ ተመልሰው በፊላደልፊያ ስለ ጋንዲ ሲሰብኩ አንድ ወጣት የሴሚናሪ ተማሪ ሰማቸው፤ ከስብከቱ በኋላ ስለ ጋንዲ የተጻፉ መጻሕፍት ገዛ። ያ ወጣት ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበር።

ጆንሰን በ1960 ጡረታ ወጡ፤ በ1976 አረፉ።

ወንድሜ፣ እኅቴ፤ ነገ ደመወዝህን የሚከፍል፣ ፈቃድሽን የሚፈርም ሰው በፊትህ፣ በፊትሽ ይቆማል። መልሱ ግን የሚዘጋጀው ዛሬ ነው፤ በጸሎት ጓዳ፣ በንባብ ጠረጴዛ፣ በጨዋታ ሜዳም ጭምር።